ቀፎዋ ትታደስ ወይስ ለቁራሌው ትሰጥ?

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ይላል የአገራችን ሰው። በግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ይህ ተረት ለማን እንደተተረተ በደንብ ያውቃል። ሰው ሲጠይቀው «መኪና አለችኝ» ይላል፤ የሚሄደው ግን በታክሲ ነው። «አንድ ቀን አሳድሳታለሁ» ይላል፤ ያ አንድ ቀን አሥር ዓመት ይሞላዋል።

ውድ አንባብያን፣ እኛ በአውቶሞቲቭ ትምህርት ክፍል ውስጥ በአብዛኛው የምንማረው መኪና እንዴት እንደሚጠገን ነው። ሞተር እንፈታለን፣ እንገጥማለን፣ ፍሬን እናስተካክላለን። ከዚያ በፊት የሚመጣውን «ይቺ መኪና መጠገን አለባት ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ግን እስካሁን በፈተና ላይ አይቼው አላውቅም። ጥያቄው የመጣብኝ ከቤተሰቤ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ያረጀ የስፖርት መኪና ቀፎ ሲገጥመን ማደሱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብለን እንዴት እንደምንወስን፣ እኔ በመረመርኳት አንዲት መኪና ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዴት መጣ

አጎቴ ያረፈው አምና ነው። ከተዋቸው ነገሮች አንዷ በግቢው ጥግ በአራት ብሎኬት ላይ የተቀመጠች ካርማን ጊያ ናት። ሞተሯንና ካምቢዮዋን ከብዙ ዓመታት በፊት አውጥቶ በሚነዳት ቮልስ ላይ ገጥሟቸዋል። ወንበር የላትም፣ ጎማ የላትም፣ የፊት መስታወቷም ተሰንጥቋል። የቀረችው ቀፎዋ ብቻ ናት።

በአርባው ዕለት ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት «እኔ አድሳታለሁ!» ብዬ ተናገርኩ። ሰውም አጨበጨበልኝ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወራት አለፉ። አክስቴ አሁን የምትኖረው በጡረታ ነው፤ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ክረምት ሳይገባ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት ትፈልጋለች። ቁራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ በኪሎ ዋጋ ሰጥቷል። አክስቴ ግን አልሸጠችም። «አንተ የተማርክበት ነገር ነው፣ እይና ንገረኝ» አለችኝ። እንግዲህ ቃል የገባሁት እኔ፣ ፈራጁም እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

መኪናዋ ማን ናት?

የቮልስዋገን ካርማን ጊያ ስሟ የሦስት ድርጅቶች ስም ነው። ቮልስዋገን መሠረቱንና ሞተሩን ሰጠ። ጊያ የሚባለው የጣሊያን የቱሪን ከተማ የዲዛይን ቤት መልኳን ቀረጸ። ካርማን የተባለው የጀርመን ቦዲ ሠሪ ደግሞ ኦስናብሩክ በሚገኘው ፋብሪካው ቦዲዋን ሠራ። ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ጣሪያዋ የሚከፈተው ዓይነት በ1957 ተጨመረ፤ ምርቷ የቆመው በ1974 ነው። በድምሩ 445,000 ገደማ ተሠርታለች። ስለዚህ በዓለም ላይ ብርቅ የምትባል መኪና አይደለችም። ይህ ነጥብ ዋጋ ስናሰላ ይመለሳል።

መልኳ የስፖርት መኪና ነው፤ ጉልበቷ ግን የቮልስ ነው። በተለያዩ ዓመታት የተገጠሙላት ሞተሮች ከ1192 እስከ 1584 ሲሲ፣ ከ30 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ነበሩ። ከኋላ የሚቀመጠው በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ አብዛኛው የፍሬንና የእግር ዕቃ ከቮልስ ጋር የሚቀራረብ ወይም አንድ ዓይነት ነው። በቮልስ በተሞላችው አዲስ አበባ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ ጊያን ያውቃታል፤ ፒስተኗም ቴስታታዋም አይቸግርም።

ችግሩ ያለው ከላይ ነው። የቮልስ አራቱ ፓራፋንጎዎች በቡሎን የታሰሩ ናቸው። አንዱ ቢጋጭ ቡሎኑን ፈትተህ ሌላ ታስራለህ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጊያ ላይ ግን ተፈቶ የሚወጣ ፓራፋንጎ የለም። ፋብሪካው የፊት አካሏን የሠራው ላሜራዎችን ጫፍ ለጫፍ በይዶ፣ መጋጠሚያዎቹን በእርሳስና በቲን ቅይጥ ሞልቶ፣ ከዚያ በእጅ ሞርዶ ነው። ስፌት የማይታይባት ለዚህ ነው። ውበቷን ያመጣው አሠራር የጥገናዋንም ዋጋ አናረው። አፍንጫዋ የተመታ እንደሆነ የሚቀየር ዕቃ የለም፤ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ቀጥቅጦ መልሶ መቅረጽ ብቻ ነው ያለው።

ለምን ከሞተሩ አንጀምርም?

ብዙ ሰው አሮጌ መኪና ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሞተሯ ይነሳል?» ነው። ለዘወትር መኪና ጥያቄው ትክክል ነው። ለዕድሳት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሞተር ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ የጎደለው ይገዛል፤ ወጪው አስቀድሞ ይታወቃል። ዝገት ግን ተደብቆ ይሠራል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ በብዙ እጥፍ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ለዚህ ነው ቀለሙ እንደ ቡግንጅ የሚያብጠው። ከላይ አንድ ሳንቲም የሚያህል እብጠት ካየህ ከውስጥ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከፍተህ ሳታይ ዋጋውን አታውቀውም።

አንዳንዱ ጓደኛዬ «ኤሌክትሪክ አድርጋትና ተገላገል» ብሎኛል። ይህም ቢሆን ከቀፎው ጥያቄ አያስመልጥም። ባትሪ ከባድ ነገር ነው፤ የበሰበሰ ወለል ላይ ማን ይጭነዋል?

እንግሊዝ አገር ኤም ጂ ቢ የሚባል የስፖርት መኪና ያለው ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በድሮው የፋብሪካ ማተሚያ አዲስ ሙሉ ቀፎ ሲሠራ ቆይቷል። የእሱ ሒሳብ «አሮጌውን ላድስ ወይስ አዲስ ልግዛ?» ነው። ለጊያ የሚገኘው ግን ቁርጥራጭ የጥገና ላሜራ ነው። ካርማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ለኪሳራ ተዳርጎ ፋብሪካው ወደ ቮልስዋገን እጅ ገብቷል። ስለዚህ የእኛ ሒሳብ «ያለችውን ላድስ ወይስ ልተው?» ነው።

ምርመራው

ምርመራውን ያደረግኩት በሁለት ቅዳሜ ነው። መሣሪያዎቼ ባትሪ መብራት፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት፣ ካቻቪቴ፣ ሜትርና ደብተር ብቻ ነበሩ። ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ሀ. ወረቀትና ቁጥር። የቮልስም የጊያም የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉን ለሁለት ከፍሎ በመሐል በሚያልፈው ቱነል ላይ ተመትቶ ይገኛል። አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ አነበብኩት። በዚያ ዘመን በነበረው ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቷን፣ ሦስተኛው የሞዴል ዓመቷን ይናገራሉ። የእኛዋ 148 ብላ ትጀምራለች፤ 14 ካርማን ጊያ፣ 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል ማለት ነው። ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩት፣ ገጠመ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቱነሉ በስብሶ ከሌላ መኪና ቢቀየር ኖሮ የመኪናዋ መታወቂያ አብሮ ይሄድ ነበር። ሊብሬ የሌለው ቀፎ ብታድሰው መንገድ ላይ የማይወጣ ጌጥ ነው። የእኛው ሊብሬ ገና በአጎቴ ስም ስለሆነ መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ነበረብን።

ለ. ማግኔት። ማግኔቷን በቀስታ በቦዲው ላይ ማንሸራተት ነው። ጥሩ ላሜራ ላይ ትይዛለች፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። ጣሪያው፣ የኋላ ትከሻዋና የሞተር ክዳኑ ጤነኛ ናቸው። አፍንጫዋ ላይ ግን ማግኔቷ መዳፌ ላይ ወደቀች። በጣት ሳንኳኳው ድምፁ የብረት ሳይሆን የግድግዳ ነው። ድሮ ተመትታ በስቱኮ ተሸፍናለች ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማግኔት እርሳስንም አይስብም። ስለዚህ ጊያ ላይ መጋጠሚያዎቹ አካባቢ ማግኔት ቢደክም ስቱኮ ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የፋብሪካው ሙሌት ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ያንን ቦታ ያለ መከላከያ በግራይንደር ማቡነን ሳንባን መሸጥ ነው።

ሐ. ካቻቪቴ። ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ሳጥን መሰል ላሜራ አለ። ሙቅ አየር ከሞተሩ ወደ ተሳፋሪው የሚሄደው በዚያ በኩል ነው፤ ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው። በካቻቪቴ ጫን ጫን እያልኩ ሄድኩ። በቀኝ በኩል ሦስት ቦታ ብቻ ደከመ። በግራ በኩል ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ወለሉም በግራ ነጂው እግር ሥር እንደ ወንፊት ሆኗል። ከሞተሩ ቦታ በስተቀኝ ያለው የባትሪ ማስቀመጫም በአሲድ ተበልቷል።

ምክንያቱን መረዳት ጠቃሚ ነው። በብርድ አገር በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪና እየሄደች ከሥር ትዝጋለች። የእኛ መኪኖች ደግሞ ቆመው ነው የሚዝጉት። የበጋው ፀሐይ የመስታወቱን ጎማ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ይገባና ምንጣፉ ሥር ይጠራቀማል። ምንጣፉ ውኃውን እንደ ሰፍነግ ይዞ እስከ ጥቅምት ይቆያል። አጎቴ በፍቅር ያለበሳት ሸራም እርጥበቱን አፈነባት እንጂ አልጠቀማትም።

መ. ልኬት። በሮቹ ሲዘጉ በዙሪያቸው ያለው ክፍተት እኩል መሆን አለበት። ቀኙ ጥሩ ነው። ግራው ከላይ በኩል ጠቦ ይነካካል። የበሩን ክፍት ቦታ በሁለቱም ሰያፍ ለክቼ ከቀኙ ጋር ሳስተያየው የ9 ሚሊ ሜትር ልዩነት አገኘሁ። ይህ ማለት ሳጥኑ በስብሶ ቦዲው በግራ በኩል መጉበጥ ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ሳጥን ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም። መጀመሪያ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ቱቦ ብረት አገድሞ መበየድ፣ ከዚያ መቁረጥ ነው። አለበለዚያ ቦዲው ይታጠፍና በሩ ዳግመኛ አይዘጋም።

ሒሳቡ

የምርመራውን ውጤት ይዤ በቮልስ ሥራ ወደሚታወቁ አንድ አዛውንት ባትላሜራ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያችን ድረስ መጥተው አዩልኝ። አብረን ተቀምጠን ሥራውን በብር ሳይሆን በሰዓት ዘረዘርነው። ብር በየወሩ ይለዋወጣል፤ ሰዓት ግን አይዋሽም።

ወለሉን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ማስገባት፦ 40 ሰዓት
የሁለቱን በሮች ሥር ሳጥን መሥራት፦ 90 ሰዓት
አፍንጫዋን መልሶ መቅረጽ፦ 110 ሰዓት
የኋላ ጎማ ዙሪያና የባትሪ ማስቀመጫ፦ 50 ሰዓት
ሁለቱ በሮች፦ 30 ሰዓት
አሮጌውን ቀለም ማንሳት፣ ማዘጋጀትና መቀባት፦ 120 ሰዓት

ድምሩ 440 ሰዓት ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ 8 ሰዓት ብሠራ 55 ቅዳሜ ይፈጃል። «ጋሼ፣ ይበቃል?» ስላቸው ሳቁ። «ሲከፈት ይጨምራል የኔ ልጅ፤ ሲሶውን ጨምርበት» አሉኝ። ሲሶው ሲጨመር 590 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 74 ቅዳሜ ሆነ። ፈተናው፣ በዓሉ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን አልተቆጠረም። ሞተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ወንበሩም ገና አልተነካም።

ቀጥሎ ዕቃዎቹን በሦስት ከፈልኳቸው። አንደኛ፣ እዚሁ የሚገኝ፦ የቮልስ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን። ሁለተኛ፣ እዚሁ የሚሠራ፦ ወለል፣ ሳጥን፣ የባትሪ ማስቀመጫ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጊያ ወለል ከቮልስ ወለል ይሰፋል፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንድ ቢሆንም የቮልስ ወለል እንዳለ አይገባም። ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ፦ የፊት መስታወት፣ የበርና የመስታወት ጎማዎች፣ መከላከያ፣ የመብራት ክዳኖች። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ጎማዎቹን በሻንጣ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። የፊት መስታወት ግን በሻንጣ አይላክም።

«ሌላ አሮጌ ጊያ አስመጥቶ ከሁለት አንድ መሥራት» የሚባለውም መንገድ ተዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ባለን ብረት ብቻ መኖር አለብን።

ታዲያ ታድሳ ብትሸጥስ? የሰው ጉልበት ከፍሎ የሚያሳድስ ሰው በተለመዱ መኪኖች ላይ ወጪውን መመለስ ይከብደዋል። ከላይ እንዳልኩት ጊያ ብዙ የተሠራች መኪና ናት። ለትርፍ ብሎ የሚገባበት ሰው ከሥራው ግማሽ ላይ ይተወዋል። ግማሽ የታደሰች መኪና ደግሞ ካልተነካችው ትከፋለች፤ ተፈታትታለች፣ ዕቃዋም ተበታትኗል።

ውሳኔው

ከዚህ ሁሉ በኋላ አራት ጥያቄዎች ለራሴ ጻፍኩ። አንባቢም ቢሆን ለሌላ መኪና ሊጠቀምባቸው ይችላል።

1. ሊብሬና የሻንሲ ቁጥሩ ይገጥማሉ? — አዎ።
2. ቀፎው ተስተካክሎ ቀጥ ሊል ይችላል? — ይችላል፣ ግን በባለሙያ እጅ።
3. ሥራውን የሚሠራው እጅ የማን ነው? — የእኔ እጅ ገና ተማሪ ነው፤ የባለሙያ እጅ ደግሞ የሚከፈለው ነው፤ ገንዘቡ የለንም።
4. ቦታውና ጊዜው ይጠብቃል? — አይጠብቅም። ክረምት ሳይገባ ክፍሎቹ መሠራት አለባቸው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ስለ መኪናዋ ናቸው፤ ሁለቱም «አዎ» አሉ። ሁለቱ ስለ እኛ ናቸው፤ ሁለቱም «አይሆንም» አሉ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። «ይቺ መኪና ታዋጣለች?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለማን ታዋጣለች ተብሎ መጠየቅ አለበት። የራሱ ጋራዥ፣ የራሱ ብየዳ፣ የራሱ እጅ ያለውና ለራሱ መንዳት የሚፈልግ ሰው ቢሆን ያቺው ቀፎ፣ ከነዝገቷ፣ ታዋጣዋለች። ለቁራሌው መስጠት ደግሞ የሚያስፈልገው ላሜራው በማንም እጅ የማይድን፣ ወይም ወረቀቱ የጠፋ ሲሆን ነው። የእኛዋ ከሁለቱም አይደለችም።

ለአክስቴ የነገርኳት ይህንኑ ነው። «እኛ አናድሳት፤ ግን አትቆረጥ። ከነሊብሬዋ ለሚያድሳት ሰው እንሽጣት» አልኳት። መናገሩ ቀላል አልነበረም፤ በአርባው ዕለት የተናገርኩትን የሰማ ዘመድ ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን ብሎብኝ ነበር። አክስቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ያን ቀን ስትናገር አላየሃትም ነበር። አሁን ሥሯ ገብተህ አየሃት። በል ሰው ፈልግላት» አለች።

ባትላሜራው ያገናኙኝ አንድ የቮልስ ወዳጅ መጥቶ አያት። እኔም ዝገቱን፣ ስቱኮውንና የ9 ሚሊ ሜትሩን ልዩነት በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ጓደኞቼ «ጉድለቷን ራስህ ጽፈህ ትሰጣለህ እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። ሰውዬው ግን ወረቀቱን ይዞ ሥሯ ገባ፣ እያንዳንዱን ነጥብ አመሳከረ፣ ሲወጣ ብዙም አልተከራከረም። የከፈለው ከቁራሌው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ የአንዱን ክፍል ብሎኬትና ቆርቆሮ ሸፍኖልናል። የወራሽነቱ ወረቀት አልቆ ስሙ ሲዛወር መኪናዋ በጭነት መኪና ተወሰደች። ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ እንዳግዘው ፈቅዶልኛል። በሩ ላይ ቱቦ ብረት አገድመን በይደናል፤ የግራውን ሳጥን በሚቀጥለው ሳምንት እንቆርጣለን።

በመጨረሻም ገና ያልወሰናችሁ፣ በግቢያችሁ ቀፎ ያላችሁ አንባብያን፣ ለዛሬ ይህን ብቻ አድርጉ። ሸራውን ከላይዋ አንሱና ከፍ ብሎ የማይነካት ክዳን ሥሩላት። እርጥብ ምንጣፉን አውጡ። የወለሉንና የበሮቹን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። ሊብሬዋ የት እንዳለ ፈልጉ። ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ለሚቀጥለው ክረምት ግን ይደርሳል።

ቸር እንሰንብት።